ሰኔ ላይ የደረሰ ድልድይ

ሩቅ አገር የሚኖር ሀብታም አጎት ያለው ሰው የወረዳችን ችግር ሳልነግረው ይገባዋል። አጎት አለኝ ብሎ ይኮራል፤ አጎትዬውም አይክደውም፣ ይልክለታል። መቼ ነው የሚልክለት? እሱን አጎትዬው ያውቃል። የእኛ አጎት አዲስ አበባ ነው ያለው። የሚልከው ገንዘብ ድጎማ ይባላል፤ ከፌዴራል መንግሥት ተነሥቶ አሶሳ ይገባል፣ ክልሉ ደግሞ ለየወረዳው ያካፍላል። ሲያካፍል በዘፈቀደ እንዳይመስላችሁ፤ ቀመር አለው። የሕዝቡ ብዛት ይታያል፣ የመንገዱ ርቀት ይታያል፣ ድህነታችን ሳይቀር ነጥብ ያስገኝልናል። ድሃ መሆን የሚጠቅመው ለመንግሥተ ሰማያትና ለበጀት ቀመር ብቻ ነው።

እኔ ከአሶሳ ብዙም በማይርቅ አንድ ወረዳ፣ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ውስጥ የበጀት ባለሙያ ነኝ። አባቴ በደርግ ጊዜ ከወሎ የመጣ ሰፋሪ ነበር፤ እኔ ግን እዚሁ ማንጎ ጥላ ሥር ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። ሥራህ ምንድን ነው ስባል በጀት መደልደል እላለሁ። ምኑን ነው የምደለድለው? ድጎማው ሲገባ መምህሩ፣ ነርሷ፣ የግብርና ሠራተኛው፣ እኔም ራሴ፣ ደመወዛችንን እንወስዳለን። የሚተርፈው ለወረቀት፣ ለነዳጅና ለአበል ነው። ወረዳው ራሱ የሚሰበስበው የገበያ ቀረጥ ደግሞ ለወንበር ጥገና እንኳ አይበቃም። ስለዚህ ድልድይ የሚያህል ነገር ሲያምረን ቀና ብለን ወደ ላይ እናያለን።

ድልድይ ያማራቸው እነ ሃሩን ነበሩ። ሃሩን የበርታ ገበሬ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ሲስቅ ትከሻው የሚንቀጠቀጥ ሰው። በመንደራቸውና በገበያው መካከል አንድ ወንዝ አለ። በጋ ላይ ጫማ አውልቆ መሻገር ነው፤ ክረምት ሲገባ ግን በሬ ይወስዳል። መንደሩ ሃሩንን ወከለውና በየገበያው ቀን እየመጣ ይጠይቀኝ ጀመር። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ስለሆነ ድልድዩን እሷ ነው የሚላት።

“ኡስታዝ፣ ድልድይ ደህና ነች?” ይለኛል፣ የታመመ ዘመድ እንደሚጠይቅ፤ ቢሮ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ ለእሱ ኡስታዝ ነው።

“ደህና ናት፤ ጸድቃለች፣ ግን ገና ከላይ አልወረደችም” እለዋለሁ።

“ኢንሻአላህ ትመጣለች” ብሎ ይሄዳል።

ላም አለኝ በሰማይ ይሏል ይኼ ነው። ለድልድዩ ብቻ ተብሎ የተፈቀደ ገንዘብ ነበረ፤ ሌላ ነገር አይገዛበትም። መስከረም ይመጣል ተባለ፤ ጥር ላይም ይመጣል ተባለ።

የሃሩን ሚስት አሻ ማንጎ ነጋዴ ነበረች። በትከሻዋ ላይ አግድም እንጨት፣ በእንጨቱ ሁለት ጫፍ ላይ ቅርጫት፤ እንዲያ ሚዛኗን ጠብቃ ስትራመድ ሸክሙ ራሱ የሚሸከማት ይመስል ነበር። ከእሷ ስገዛ ምርቃት ሳትጨምርልኝ ቀርታ አታውቅም። አንድ ቀን ለምን ታበዢልኛለሽ ብላት፣ ድልድያችንን የምትጠብቅልን አንተ አይደለህ፣ ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ማንጎውንም በላሁ።

ገንዘቡ መጣ። መቼ? ሰኔ ላይ! መንገድ ላይ ማን ቤት እንዳደረ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ሰኔ ማለት ለገበሬ ዝናብ ነው፣ ለእኛ ለቢሮ ሰዎች ደግሞ የበጀት ዓመት መዝጊያ ነው፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ያልተሠራበት ገንዘብ ወደመጣበት ይመለሳል። ተቋራጩን ጠርተን ወንዙን አሳየነው። በዚህ ውሃ ውስጥ መሠረት የሚቆፍር ካገኛችሁ እኔም ልየው፣ ብሎን ሄደ። ገንዘቡ ለከርሞ ይቆይልን ብለን ክልሉን ለመንን፤ የክልሉ ሰዎች የእኛ ገንዘብ አይደለም፣ የፌዴራል ነው አሉን። እውነታቸውን ነው፤ ሕጉም እንደዚያው ነው። ሁሉም ልክ ነበር። ማንም አላጠፋም።

ለሃሩን ግማሹን ነገርኩት። ገንዘቧ መጥታለች፣ እሷ ግን ክረምቱ ሲያልፍ ነው የምትሠራው፣ አልኩት።

ጥቂት አሰበና “ክረምት ካለፈማ እኛም በእግር እንሻገራለን” አለኝ። በዚያን ቀን ትከሻው አልተንቀጠቀጠም።

አሻ የመጨረሻውን ማንጎ ሸጣ የተመለሰችው በዚያው ሰሞን ነው። አብረዋት የነበሩት ሴቶች እንደነገሩኝ እነሱ ጋ ሰማዩ ጠርቶ ነበር፤ ዝናቡ የዘነበው ከላይ፣ ከተራራው በኩል ነው። እጅ ለእጅ ተያይዘው መሻገር ጀመሩ። መሃል ሲደርሱ ደራሽ ውሃ መጣ። ሌሎቹ እየተጎተቱ ወጡ። አሻ ግን ከኋላ ነበረች፤ ከፊቷ የነበረችው ሴት “ይዣት ነበር፣ ይዣት ነበር” ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣትም። አስከሬኗን ወደ ታች ያሉ ሰዎች አገኙት። እኔ በዚያ ሰዓት ቢሮ ተቀምጬ የድልድዩን ገንዘብ ተመላሽ የማድረጉን ሥራ እየጨረስኩ ነበር።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ወረዳው አጽናኝ ቡድን አቋቋመ። መኪና ወጣ፣ ነዳጅ ተቀዳ፣ አበል ተፈቀደ። ኃላፊያችን ነጠላ ደርበው ከፊት ተቀመጡ። ሄድን ሄድንና ወንዙ ዳር ስንደርስ ቆምን። እንዴት እንሻገር? ያን ጊዜ ነው ሁላችንም የተያየነው።

ከማዶ ሃሩን ከዘመዶቹ ጋር ወርዶ ቆመ። ኃላፊው የሐዘን መግለጫቸውን እየጮኹ ጀመሩ። ውሃው ቃላቸውን ይዞት ይሄዳል። ሃሩን እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ “አይሰማም!” ይላል። ደግመው ጮኹ፤ ድምፃቸው ተዘጋ። አንተ ድምፅ አለህ ተብዬ ወደ ፊት ተገፋሁ። ምን ልበል? “ሃሩን! አላህ ያጽናህ!” አልኩ፣ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ።

ሰማኝ። እጁን አነሣ። ከዚያ ወደ ውሃው ጠጋ ማለቴን አይቶ፣ ሚስቱን የቀበረው ሰው፣ ከማዶ ሆኖ በሁለት እጁ ወደ ኋላ እንደሚገፋኝ እያደረገ ጮኸ፦

“ኡስታዝ! አትግባ! ውሃ መጥፎ ነው! ልጆችህ ጋ ተመለስ!”

መኪናው ዞሮ ተመለሰ። እኔ መስኮቱን እያየሁ አለቀስኩ።

ሐምሌ ላይ አሶሳ ለግምገማ ተጠራን። ወረዳችሁ የተሰጠውን የድልድይ ገንዘብ ሳይጠቀም ስለመለሰ የመጠቀም አቅም የለውም፤ የሚቀጥለው ዓመት ድርሻችሁ የተሻለ አቅም ላለው ወረዳ ይዛወራል፣ ተባልን። አንገታችንን ደፋን። ሰብሳቢው አዘኑልን መሰለኝ፣ ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አድርገው አንድ መልካም ነገር ፈለጉልን፤ አገኙም። የመስክ ጉዞና የአበል በጀታችንን፣ ሰኔ መጨረሻ ላይ ለሐዘን የወጣነውን ጨምሮ፣ አንድ ሳንቲም ሳናስተርፍ በወቅቱ ተጠቅመናል፤ ይህ ለሌሎች ወረዳዎች ትምህርት ይሁን አሉ።

አዳራሹ አጨበጨበልን።