ሰው እየጠበቅኩ ነው

(የምሳ ሰዓት ነው። ሁለት ሊፍት ጠጋኞች ለሥራ በመጡበት ከተማ ምግብ ቤት ገብተዋል። አንደኛው ዕድሜውን በመንገድ የጨረሰ፣ ሁሉን አውቃለሁ ባይ ስለሆነ «ሊቁ» ይሉታል። ሌላው ገና የተቀጠረው የሚስቱ ወንድም «ገራገር» ነው። ነገ ወደየሥራቸው ይለያያሉ። ሊቁን ጭንቅ ይዞታል፤ ይህ ሰው ብቻውን ምግብ ቤት ገብቶ ሊያዋርደው ነው።)

ሊቁ፦ ተነስ ከዚህ ጠረጴዛ ብዬሃለሁ!

ገራገር፦ ጋሼ፣ ወንበሩ አራት፣ እኛ ሁለት። ማንን አጣበብኩ?

ሊቁ፦ ነገ ብቻህን ነው የምትበላው፤ ዛሬ ትለማመዳለህ። እዚያኛው ጠረጴዛ ሂድና ጀርባህን ስጠኝ።

ገራገር፦ (ሄዶ ይቀመጣል) ተጣላን እንዴ?

ሊቁ፦ አልተጣላንም። አንተ አታውቀኝም፣ እኔም አላውቅህም።

ገራገር፦ ያገባሃት እህቴስ?

ሊቁ፦ እሷንም አላውቃት! ስማኝ። ብቻውን የሚበላ ሰው ሲያዩት ወይ ዘመድ የሞተበት ወይ ሚስቱ ያባረረችው ይመስላል። ስለዚህ አስተናጋጇን «ሰው እየጠበቅኩ ነው» ትላታለህ።

ገራገር፦ ማንን?

ሊቁ፦ ማንንም።

ገራገር፦ ይመጣል?

ሊቁ፦ አይመጣም!

ገራገር፦ ካልመጣ ለምን እጠብቀዋለሁ? ርቦኛል እኮ።

ሊቁ፦ በፈጠረህ! «ይሄ ሰውዬ ቀረብኝ» ብለህ ትበላለሃ። ያኔ ጥፋቱ የሱ ነው፤ አንተ የተከበርክ ሰው ነህ።

ገራገር፦ ምስኪን። በሌለበት ስሙ ጠፋ።

ሊቁ፦ እኔ እዚህ ቤት ስመጣ ምን እንደምል ታውቃለህ? «ባለቤቴን እየጠበቅኩ ነው»።

(አስተናጋጇ ሳትጠየቅ ሊቁ ፊት ሁለት ባዶ ሰሃን አስቀምጣ ትሄዳለች።)

ሊቁ፦ አየህ? ክብር ማለት ይሄ ነው!

ገራገር፦ እትዬ ልትመጣ ነው?

ሊቁ፦ እሷ ቤቷ ናት! እዚህ ምን ዶላት?

ገራገር፦ እ... ገባኝ። ሌላ ናት።

ሊቁ፦ (የምግብ ዝርዝሩ ላይ አፍጥጦ ሳይሰማው) ሁለተኛው ዘዴ ስልክ ነው። ጆሮህ ላይ አድርግና ዝም ብለህ አውራ።

ገራገር፦ ዝም ብዬ እንዴት አወራለሁ?

ሊቁ፦ አፍህ ያመጣልህን ማለቴ ነው!

ገራገር፦ (ስልኩን ይነካካል) ሃሎ? ደህና ነሽ? እኔማ ብቻዬን ነኝ፣ አላውቅህም ተብዬ። ... አዎ፣ ከኋላዬ ነው። ሁለት ሰሃን ቀርቦለታል፣ ለሱና ለባለቤቱ። ... ኧረ አንቺማ ቤትሽ ነሽ።

ሊቁ፦ (እየሳቀ) ጎበዝ! የእውነት ሰው የምታናግር ነው የምትመስለው! እስቲ ትንሽ ጭቅጭቅ ጨምርበት።

ገራገር፦ ጭቅጭቁንስ እሷው ጀምራዋለች።

ሊቁ፦ እሷ ማናት?

ገራገር፦ እትዬ ናታ።

ሊቁ፦ (የምግብ ዝርዝሩ ከእጁ ይወድቃል) የእውነት ደወልክ?

ገራገር፦ ካልደወልኩ ከማን ጋር ላወራ? «ያቺን ባለቤቱን አገናኘኝ» እያለች ነው።

ሊቁ፦ (ብድግ ብሎ፣ ወደ ስልኩ እየጮኸ) ማንም የለም! እናንተ ሰዎች፣ መስክሩልኝ! ብቻዬን ነው የምበላው! ሁልጊዜ ብቻዬን ነኝ!

(አስተናጋጇ መጥታ ስልኩን ከገራገር ትቀበላለች፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጥቂት አውርታ ትመልስለታለች።)

ሊቁ፦ ምን አለቻት?

ገራገር፦ «እመቤቴ፣ አንዲትም ሴት መጥታ አታውቅም። ብቻቸውን እንደሆኑ ከወጥ ቤት እስከ ዘበኛ ሁላችንም እናውቃለን። እንዳያፍሩ ብለን ነው ሁለተኛውን ሰሃን የምናቀርበው።»

ሊቁ፦ (ወንበሩ ላይ ዘፍ ይላል) ያውቃሉ?... እህትህስ?

ገራገር፦ መጀመሪያ ሳቀች። አሁን «ምስኪን ባሌ» እያለች ታለቅሳለች።

ሊቁ፦ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ገራገር፦ (ወንበር እየሳበለት) ተው እንጂ ጋሼ። ና፣ አብረን እንብላ።

(ሊቁ አንገቱን ደፍቶ ይመጣና ይቀመጣል።)

ገራገር፦ (በስልኩ) እትዬ፣ አይዞሽ፣ አታልቅሺ። ጋሼ ብቻውን አይደለም፤ ሰው አግኝቷል። ይኸው አሁን አጠገቡ...

(ከስልኩ የሚወጣው ጩኸት ወጥ ቤት ድረስ ይሰማል።)