ለጥፋት የተሰለፉ ሹማምንት

ትናንት ረፋድ ላይ፣ አጣሪ ኮሚሽኑ በር ላይ ተራዬን ስጠብቅ፣ አግዳሚ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ጣለኝና ሕልም አየሁ። ኮሚሽኑ የመጣው መናኸሪያችን ውስጥ አሸባሪዎች ቦምብ ያፈነዱ ዕለት እርዳታ ለምን እንደዘገየ ለማጣራት ነው። እኔ ደግሞ የአምቡላንስ ስምሪት ሠራተኛ ነኝ። ኃላፊዬ አቶ ልሳነወርቅ ጠዋት ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ «ጌጤነህ፣ ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ አደራህን» ብለውኝ ነበር።

በሕልሜ ነገሩ ሁሉ ተገልብጦ ጠበቀኝ። ሹማምንቱ መታወቂያቸውን በእጃቸው ይዘው ፀሐይ ላይ ተሰልፈዋል። ጥበቃው አንድ በአንድ አፋቸውን እያስከፈተ ይፈትሻል።

«ሰበብ ይዞ መግባት ክልክል ነው!» ይላል።

ከፖሊስ አዛዡ ጉንጭ ሁለት ሰበብ ተገኘና ተወረሰ። «ስወጣ ይመለስልኛል?» ብለው ለመኑት።

ውስጥ ገባሁ። መድረኩ ላይ፣ የታሸገ ውሃ ከፊታቸው ተደርድሮላቸው የተቀመጡት ቁስለኞቹ ነበሩ። ሰብሳቢዋ እናኑ ናት፤ መናኸሪያው በር ላይ ቆሎ ትሸጥ የነበረች፣ በዚያ ዕለት አንድ እግሯን ያጣች ሴት።

«የሚቀጥለው!» አለች።

አዛዡ ተንደርድረው ገቡ። «ጥፋቱ የእኔ ነው!»

«ምን ሲደረግ!» አሉ አቶ ልሳነወርቅ ከኋላ እየገፏቸው። «የዚያን ዕለቱን ስብሰባ የመራሁት እኔ፣ ስልክ ይዘጋ ያልኩት እኔ! የሰው ጥፋት አይቀሙ እንጂ!»

ከረባት ለከረባት ተናነቁ።

«ጥፋት አልቋል» አለች እናኑ ቀና ብላ እንኳን ሳታያቸው። «ሲስተምም የለም። ነገ ተመለሱ።»

«እባክሽ እህቴ፣ ትንሽም ብትሆን ትድረሰኝ፤ የልጆች አባት ነኝ» ብለው አቶ ልሳነወርቅ ተንበረከኩ። ሳቄ መጣ፤ ግን ኃላፊዬ ናቸውና በሕልሜም ፈራሁ።

አዳራሹ ድንገት መናኸሪያ ሆነ። ሦስቱ አምቡላንሶቻችን ቃሬዛ ላይ ተጋድመው ያቃስታሉ። የተሸከሟቸው ቁስለኞቹ ናቸው። «ቀስ በሉ፣ ጎማው እንዳይነካ!» ይባባላሉ። አንዱ የራሱን ደም በክንዱ እየጠረገ አምቡላንሷን ውሃ ያጠጣታል። ማየቱ አስጨነቀኝ። ልሸሽ ዘወር ስል እናኑ ከፊቴ ቆማለች።

«አንተስ ወንድሜ? ያን ዕለት የት ነበርክ?»

«ስብሰባው በር ላይ።»

«ስንት ደቂቃ?»

«አርባ ሦስት። የመውጫ ወረቀቱ ካልተፈረመ መኪና አይንቀሳቀስም። የሚፈርሙት አቶ ልሳነወርቅ ደግሞ ስብሰባ ላይ ነበሩ።»

«በሩን ለምን አላንኳኳህም?»

ምን ልበላት? እኛ መሥሪያ ቤት የስብሰባ በር አይንኳኳም። እንዳላንኳኳ የከለከለኝ ግን አንድም ሰው አልነበረም። የሦስቱም መኪኖች ቁልፍ እጄ ላይ ነበር። ይህንኑ ልነግራት አፌን ስከፍት፣ በቃል ፈንታ አንድ ቁልፍ ወጥቶ መሬት ላይ ወደቀ። ሁለተኛው ተከተለ። ሦስተኛው ጉሮሮዬ ላይ ተሰነቀረና ትንፋሽ አጠረኝ። ሹማምንቱ ከበቡኝ።

«የእሱማ ትልቅ ነው!» አሉ አዛዡ በቅናት እያዩኝ። «ጥሩ ጥሩው ጥፋት ሁሌም ለበታች ሠራተኛ ነው!»

«ጋሼ! ጋሽ ጌጤነህ!»

ባነንኩ። ላብ በላብ ሆኛለሁ። የኮሚሽኑ ጸሐፊ ወረቀት ይዛ ከፊቴ ቆማለች።

«ገብቼ ልናገር?» አልኳት ብድግ ብዬ። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ መናገር አምሮኝ አያውቅም።

«አያስፈልግም፤ ቃልዎ ተዘጋጅቷል። እዚህ ጋ ይፈርሙ።»

አነበብኩት። «ጥሪው በደረሰኝ በአራተኛው ደቂቃ ሦስቱም አምቡላንሶች ወጥተዋል» ይላል።

«እኔ እኮ ገና ምንም አልተናገርኩም!»

«ለዚህ እኮ ነው ያማረው» አለችኝና እስክሪብቶ ዘረጋችልኝ።

ተቀበልኳት። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነበር።