የመድኃኒቱን ወረቀት ያነበብሁት እኔ ነኝ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ከእኔ የባሰ የተዋረደ አባት ካለ ይምጣና አጠገቤ ይቀመጥ።

የእህቴ ልጅ ከሪያድ ለጉልበቴ መድኃኒት ላከልኝ። ዳይክሎፌናክ ይሉታል፤ ሕመምና እብጠት የሚቀንሰው። ማብራሪያው በዐረብኛ ነው።

ዐረብኛ ደግሞ የእኔ ነገር ነው። ቁርኣን ማንበብ በራሴ ጥረት የተማርሁ ሰው ነኝ። ስለዚህ ከዐረብ አገር መድኃኒት የመጣለት ጎረቤት ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል፤ አነብለታለሁ።

አነባለሁ አልሁ እንጂ ይገባኛል አላልሁም።

ጠያቂም አልነበረም።

ዛሬ ጧት ጎረቤቴ ይመር ወገቡን ይዞ መጣ። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ሳልደናቀፍ አነበብሁለት።

«ማሻአላህ። ለወገብም ይሆናል ማለት ነው?»

«ይሆናል» አልሁት። ግማሹን ሰጠሁት።

ከሰዓት በኋላ ልጄ ሰዓዳ ከውጫሌ ገበያ ገባች። ጅዳ ሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ናት፤ ዐረብኛውን እንደ ውሃ ትናገረዋለች፣ ፊደሉን ግን አታውቅም። በዚህ ስወቅሳት ነው የምውለው።

«እስኪ አንብበው፣ እኔ ልስማው» አለችኝ ወረቀቱን አይታ።

ጀመርሁ። ወዲያው አስቆመችኝ።

«አባ፣ በባዶ ሆድ አይወሰድም ይላል እኮ።»

እኔ ደግሞ የምውጠው ጧት በባዶ ሆድ ነው። የሆዴን ቃጠሎ በበርበሬ ሳመካኝ ሰነበትሁ።

«ቀጥል» አለች። ቀጠልሁ።

«ጨጓራው የቆሰለ ሰው አይውሰደው፣ ሊያደማው ይችላል። ግፊትና ኩላሊት ያለበትም ሐኪም ይጠይቅ።»

የይመር ጨጓራ! አምና ደም አስታውኮ ደሴ ድረስ ተወስዶ ነበር።

ጉልበቴን ረስቼ ሮጥሁ። ይመር ደጃፉ ላይ ከሰዎች ጋር ተቀምጧል።

«ውጠኸዋል?»

«ውጫለሁ እንጂ። አንተ አይደለህ ያነበብህልኝ?»

«አንብቤዋለሁ። ግን አልገባኝም ነበር» አልሁ፤ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ።

ሚስቱ ከድጃ ከውስጥ ብቅ አለች። «ታዲያ ካልገባህ ስታነብ ምን ብለህ ነው ራስህን የምትነቀንቀው?»



በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰድነው። አንድ ጊዜ ብቻ ስለወሰደ «አብሽሩ፣ አይዟችሁ» አሉን፤ ዳግመኛ እንዳይውጥ፣ ሰገራው ከጠቆረ ወይም ደም ካስታወከ ግን ሳይውል ሳያድር እንዲመጣ ነገሩት። እኔንም ገላምጠው መረመሩኝ።

ልጆቼን «ያልገባችሁን ጠይቁ» እያልሁ ያሳደግሁ አባት ነኝ። ምክሩ ትክክል ነው፤ መካሪው ነው የተበላሸው። ለአንዱ የተላከ መድኃኒት ለሌላው አይታደልም፤ ለማን እንደሚሆን የሚያውቀው ፋርማሲስቱ ነው።

እናንተስ፣ ቤታችሁ ያለውን ኪኒን ያነበበላችሁ ማን ነው?

እኔ ከሆንሁ፣ እባካችሁ ዛሬውኑ ሰው ጠይቁ።