ሳይሰካ የተመረጠው ኪቦርድ

ኮሚቴ የሌለው መሥሪያ ቤት ጣራ እንደሌለው ቤት ነው ይባላል። ማን እንዳለው በትክክል አይታወቅም፤ ኮሚቴ ሳይሆን አይቀርም። ስለዚህ ይሄ ወሬ ሲወራ ሁሉም ባለበት ቀጥ ብሎ ይቁም። የሚወራው ሦስት ትልልቅ ሰዎች ስድስት ጆሮ ይዘው ገብተው፣ አንዱንም ሳይነኩ፣ እንዳለ ንጹሕ አድርገው ይዘው ስለወጡበት ታላቅ ግምገማ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባንድ ያለው አንድ መሥሪያ ቤት ነበር። መሥሪያ ቤት ባንድ ምን ያረግለታል አትበሉ፤ እንግዳ ሲመጣ ይመታል፣ እንግዳ ሲሄድ ይመታል፣ በመሃል የሚሠራውን ሥራ ማንም አያስታውሰውም። ባንዱ አራት ሰው ነው፤ ድራም መቺው፣ ጊታር መቺው፣ ዘፋኟና ኪቦርድ ተጫዋቹ ጣቶ። ጣቶ እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም። ስብሰባ ላይ ሳይቀር ጣቶቹ ጠረጴዛውን ስለማይለቁት ነው የተለጠፈበት። ምሳ ሲበላ ግራ እጁ ወንበሩ ላይ ይጫወታል። አንዴ ለቅሶ ቤት የአስተናጋጁን ትሪ ሲጫወት ተይዟል።

የባንዱ ኪቦርድ አሮጌ ነው። ሦስት ቁልፎቹ ከሞቱ ቆይተዋል። ጣቶ ጉድጓድ እንደሚዘል ሰው በነሱ ዙሪያ እየዘለለ መጫወት ተክኖበታል። ዜማው ጉድጓዱ ጋ ሲደርስ ዘፋኟ ጮህ ብላ ትደፍነዋለች። ሰው ስሜት መስሎት ያጨበጭብ ነበር።

አንድ ቀን አራተኛው ሞተ። ያውም የመሥሪያ ቤቱ መዝሙር የሚጀምርበት።

ሥራ አስኪያጁ ጣቶን አስጠራው። የሰውዬው ቢሮና የልምምዱ ክፍል አንድ ግድግዳ ነው የሚለያቸው፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ራስ ምታቱን በዚያ ግድግዳ በኩል ነው የሚቀበለው። የመሥሪያ ቤቱ ሃያኛ ዓመት ከወር በኋላ እንደሚከበር፣ አዲስ ኪቦርድ እንደሚመጣ፣ የክብር እንግዳ ፊት ካዋረዱት ግን ባንዱ በማግስቱ እንደሚበተን ነገረው። ጣቶስ ወዴት ይሄዳል? ታች፣ መዝገብ ቤት።

«ጣትህ ገጽ ለመግለጥም ይሆናል» አለው፣ ሳይቆጣ።

ጣቶ መዝገብ ቤቱን ያውቀዋል። መስኮት የለውም። እዛ የሚሠራው ሽማግሌ ሲያስነጥሰው እንኳ ድምፁ ወረቀት ወረቀት ይላል። ጣቶ ከቢሮው ሲወጣ ጣቶቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ኪሱ ውስጥ ተደብቀው ነበር።

ወዲያው ኮሚቴ ተዋቀረ። ሰብሳቢው የሰው ኃይል ኃላፊው ነው፤ ሙዚቃ ባያውቅም ሰው ያውቃል ተብሎ። ሁለተኛዋ የንብረት ክፍሏ እትዬ፤ ማንኛውም ዕቃ ዕቃ ነው ብላ የምታምን። ሦስተኛው የሕጉ ሰውዬ፤ ነገሩ ሲበላሽ ማን እንደማይጠየቅ ከወዲሁ የሚያውቅ። ጣቶ ለራሱ ቦታ ያለ መስሎት ሰብሳቢው ቢሮ ገባ።

«አንተማ ተጠቃሚ ነህ» አለው ሰብሳቢው።

«አዎ፣ የምጫወትበት እኔ ነኝ።»

«እሱ ነው ችግሩ። ተጠቃሚ ከገመገመ የሚመቸውን ነው የሚመርጠው።»

እውነት ነው፤ ጣቶ የሚመቸውን ነበር የሚመርጠው። ሰብሳቢው ግን ርኅሩኅ ሰው ስለሆነ ባዶ እጁን አልመለሰውም። ኪቦርዶቹን ተሸክሞ እንዲያስገባና አቧራ እንዲጠርግ ፈቀደለት።

ከሦስት ሱቅ ሦስት ኪቦርድ ለሙከራ መጣ። ሦስቱም ወርክስቴሽን የሚባሉት ናቸው። ብቻህን ባንድ የምትሆንበት ዕቃ ነው፤ ድራሙን ትቀዳለህ፣ በላዩ ቤዙን፣ በላዩ ቫዮሊኑን፣ ከዚያ አንተ ከላይ እየተጫወትክ ሁሉንም ታስከትላለህ። ጣቶ ሦስቱን የልምምዱ ክፍል ውስጥ ደረደራቸው። ኮሚቴው ምሳ ሲወጣ ደግሞ ከዘፋኟ ጋር በሩን ዘግተው አንድ ባንድ ሰኳቸው።

የመጀመሪያው ሰማንያ ስምንት ቁልፍ ያለው፣ እንደ እውነተኛ ፒያኖ ከበድ የሚል ነው። ቀስ ስትለው ሹክ ይላል፣ ስትቆጣው ይቆጣል። ጣቶ የመዝሙሩን መግቢያ ሲጫወትበት የሚዘለል ጉድጓድ ስላጣ ሁለት ቦታ ተሳሳተ፤ ጣቶቹ በልማዳቸው ሜዳ ላይ ዘለሉ። በሦስተኛው ግን ሁሉንም ረገጠ። ዘፋኟ መጮኽ ሳያስፈልጋት በቀስታ አብራው ዘፈነች።

ሁለተኛው እንደ ስልክ የሚነካ ሰፊ ስክሪን አለው። ድምፁ ደህና ነው፣ ቁልፉም አይከፋም፤ ቫዮሊን ለማግኘት ግን ሰባት በር ማንኳኳት አለብህ። ሦስተኛው ቀላል ፕላስቲክ ነው፣ ስልሳ አንድ ቁልፍ፣ ከዳር እስከ ዳር የድምፅ መምረጫ በተን የፈሰሰበት። የትራምፔቱን ድምፅ ሲከፍተው ጣሳ ውስጥ የተዘጋ ዝንብ ወጣ።

«ይሄስ ጉንፋን ይዞታል» አለች ዘፋኟ። «ከመረጡልህ እኔ ታምሜያለሁ፣ እወቀው።»

ይሄኔ ግድግዳው ተደበደበ። ሥራ አስኪያጁ ነው። ከሰዓት በኋላ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ መጣ፤ በግምገማው ክፍል ውስጥ በሥራ ሰዓት ምንም ዓይነት ድምፅ እንዳይሰማ ይላል። ሰብሳቢው ደብዳቤውን ሁለቴ አነበበና የሦስቱንም የኤሌክትሪክ ገመድ ሰብስቦ እትዬ መሳቢያ ውስጥ አስቆለፈ። ሕግ አክባሪ እንዲህ ነው። የሙዚቃ መሣሪያ ድምፅ ሳያሰሙ መገምገም ለተራ ሰው ይከብድ ይሆናል። ኮሚቴ ግን ላም ባልዋለበት ኩበት ለቅሞ፣ መዝኖ፣ ደረሰኝ ያስቆርጣል።

በማግስቱ ግምገማው ተጀመረ። ጣቶ ጨርቁን ይዞ ጥግ ቆሟል።

መጀመሪያ ድምፅ፤ ከመቶው አርባ ነጥብ የያዘ ነው። ሰብሳቢው መነጽሩን አስተካክሎ የመጀመሪያውን ኪቦርድ በሌባ ጣቱ ተጫነው። ገመድ የለውም፤ «ዱብ» አለ፣ ትራስ ላይ እንደወደቀ ነገር። ሁለተኛው «ጠብ» አለ። ሦስተኛውን ሲጫነው ፕላስቲኩ «ቋ» ብሎ ክፍሉን ሞላው።

«ይሄ ይሰማል» አለ ሰብሳቢው።

እትዬ አከለችበት። ሳይሰካ እንዲህ የሚናገር ሲሰካ ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት አለች። የሕጉ ሰውዬም አሰበውና ተስማማ። ሦስተኛው ከአርባ አርባ አገኘ። የመጀመሪያው የታፈነ ነው ተብሎ ስድስት ተሰጠው፣ እሷም ለማበረታቻ።

ጣቶ አልቻለም። «ጌታዬ፣ ሲሰካ እኮ ሌላ ነው።»

«ሲሰካማ ሁሉም ይጮኻል» አለው ሰብሳቢው። «ልዩነቱ የሚታወቀው ሳይሰካ ነው።»

ቀጥሎ ምቾት። የሕጉ ሰውዬ የመጀመሪያውን በትንሿ ጣቱ ገፋ አደረገና ቁልፉ ከብዷል፣ ዘይት ይፈልጋል አለ። እትዬ ጫፉን ይዛ ልታነሳው ሞከረች፣ ወገቧን ያዘች፣ ዜሮ ጻፈች። ሦስተኛውን በአንድ እጇ አንስታ መደርደሪያ ላይ አወጣችው፤ ለንብረት ክፍል ከዚህ በላይ ምቾት የለም። ጣቶ እንደምንም ብሎ ክብደቱ ነው ጥሩነቱ፣ ጣት ኃይሉን የሚለካበት ነው ሲል በቃለ ጉባኤው ላይ «ተጠቃሚው ጥቅሙን ለማስከበር ሞክሯል» ተብሎ ሰፈረ። ከዚያ ሰብሳቢው ዞር ብሎ ስንት ጣት እንዳለው ጠየቀው። አሥር አለ ጣቶ። ሰማንያ ስምንት ቁልፍ ላሥር ጣት ማለት ሰባ ስምንት ሥራ ፈት እንደሆነ፣ ስልሳ አንድ ግን ብክነቱ ሻል እንደሚል ሰብሳቢው ወረቀት ላይ ቀንሶ አሳየው። የሰው ኃይል ኃላፊ መሆን በከንቱ አይደለም።

መጨረሻ የሚሠራው ሥራ ብዛት። ቆጠሩ። በተን በበተን፣ እትዬ እየጠራች፣ የሕጉ ሰውዬ እየጻፈ። የመጀመሪያው አርባ ሦስት። ሁለተኛው ዘጠኝ ብቻ፤ ጣቶ ሌላው ስክሪኑ ውስጥ ነው ቢል እትዬ የማይታይ ንብረት አይቆጠርም ብላ አሳረፈችው። ሦስተኛው መቶ አርባ ሁለት። በዚያ ላይ የኖታ ማስደገፊያው ቃለ ጉባኤውን በልኩ ስለያዘ ሁለት ነጥብ ተጨመረለት፣ ከመቶ መቶ ሁለት አገኘ።

አሸነፈ። የሕጉ ሰውዬ ቃለ ጉባኤው ከመፈረሙ በፊት ኮሚቴውን ከክፉ የምትጠብቅ አንዲት ዓረፍተ ነገር ጨመረ፤ «መሣሪያው በተገመገመበት ሁኔታ ብቻ ጥቅም ላይ ይውላል፤ ከዚያ ውጭ ለሚደርሰው ኮሚቴው አይጠየቅም» የምትል። ሥራ አስኪያጁ ሳያነብ ፈረመ። ያነበበው ጣቶ ብቻ ነው። እሱም ያነበበው ማኅተሙ እስኪደርቅ ወረቀቱን ተሸክሞ ደረጃ ሲወርድ ነው።

የበዓሉ ዕለት ጠዋት ዘፋኟ መድረኩ ጀርባ አገኘችው። በዚህ ዝንብ መዝሙሩን ከተጫወተ ከሰዓት በኋላ መዝገብ ቤት ነው፤ አልጫወትም ካለም መዝገብ ቤት ነው። ሁለቱም ያውቁታል።

«ታዲያ ምን ልታረግ ነው?» አለችው።

«ልታዘዝ።»

አዳራሹ ሞላ። የክብር እንግዳው ፊት ወንበር ላይ፣ ሥራ አስኪያጁ በቀኝ፣ ኮሚቴው ከኋላቸው ተደርድሮ። የመዝሙሩ መግቢያ ኪቦርድ ብቻውን የሚጫወተው ነው፤ ድራሙም ጊታሩም ይጠብቃሉ። ጣቶ ክራባት አስሮ ወጣ። ገመዱን ጠቅልሎ፣ በላስቲክ አስሮ፣ ሁሉም እንዲያየው ኪቦርዱ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ እጁን አነሳና ጀመረ።

እንዲህ አድርጎ ተጫውቶ አያውቅም። ትከሻው ሄደ፣ አንገቱ ሄደ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ከፊት ለተቀመጠ ሰው ትንሽ «ቋ ቋ» ትሰማለች፤ ከኋላ ላለው እሷም የለችም። ሁለት ደቂቃ። አንድ ሰው ሳለና አፈረ።

የክብር እንግዳው ወደ ሥራ አስኪያጁ ጎንበስ ብለው ይሄ ምንድነው አሉ። ሥራ አስኪያጁ ወደ ሰብሳቢው ዞረ። ሰብሳቢው ወደ እትዬ። እትዬ ወደ ሕጉ ሰውዬ። የሕጉ ሰውዬ ጣራው ላይ የሚያነበው ነገር አገኘ። አይሰማም የሚል ሰው ሳይሰማ ከአርባ አርባ እንዴት እንደሰጠ መናገር አለበት። ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠረገ።

«አዲሱ ነው ክቡር እንግዳ። የድምፁ ጥራት እዚህ ድረስ ደርሷል።»

የክብር እንግዳው ከዘመኑ ወደ ኋላ የቀሩ መስለው መታየት አልወደዱም። ራሳቸውን ነቀነቁ። ውጭ አገር ስብሰባ ላይ እንዲህ ዓይነቱን መስማታቸውን፣ ይሄኛው እንዲያውም ሳይሻል እንደማይቀር ተናገሩ። እሳቸው ሲያጨበጭቡ አዳራሹ ተነስቶ አጨበጨበ። ዘፋኟ ሳቋን በማይኩ ስትከልል የደስታ ዕንባ መስሏቸው እሷንም አጨበጨቡላት። የሥራ አስኪያጁ ዓይን ግን እውነትም ዕንባ አቅርሯል። የመዝሙሩን መግቢያ ራሱን ሳያመው ጨርሶ ሲሰማ በዘጠኝ ዓመቱ የመጀመሪያው ነው።

ሰኞ ተጠራ። ጣቶ ለመዝገብ ቤት የሚሆን ሹራብ ጨምሮ ነው የሄደው፤ ታች ይበርዳል። ሥራ አስኪያጁ ከወንበሩ ተነስቶ ጨበጠው። እስከዛሬ የት ነበርክ አለው። ባንዱ አይበተንም፤ ልምምዱም ከእንግዲህ በየቀኑ በዚያው መሣሪያ፣ በዚያው ሁኔታ ይሆናል። ጣቶ ራሱም በሥነ ሥርዓት አክባሪነቱ የግምገማ ኮሚቴው አባል ሆኗል። ሰብሳቢው ደጅ ላይ ጠብቆ ሹመት ያዳብር አለው። ቢሮ ተሰጠው፣ መስኮት ያለው፣ ጠረጴዛው ሰፊ።

የመጀመሪያ ሥራው ያንን ከባዱን ኪቦርድ ወደ ሱቁ የሚመልሰውን ወረቀት መፈረም ነበር። እስክርቢቶውን ይዞ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ፈረመ፣ ፊርማው እንደማያምር አይቶ ለማሳመር በላዩ ደገመው።

ሁለተኛው ሥራው የማይክ ግዥ ነው። ሦስት ማይክ ጠረጴዛው ላይ ተደርድሮለት ሳለ በሩ ተንኳኳ፤ ዘፋኟ ናት። አሮጌው ማይክ እንደሚያቃጭልባት፣ ያንን ጥቁሩን ለአንድ ደቂቃ ብቻ ሰክታ ልትሞክረው እንደምትፈልግ ነገረችው። ጣቶ ጥቁሩን አነሳ፣ በመዳፉ መዘነው፣ ጭንቅላቱን በጥፍሩ መታ አደረገው። አስቀመጠው። ቀጥሎ ያለውን ቀይ ፕላስቲክ መታ። «ቋ» አለ። ጣቶ አንድ ቁጥር ጻፈ።

«ምን እያረግክ ነው አንተ?» አለችው።

«አንቺማ ተጠቃሚ ነሽ» አላት፣ ቀና ሳይል። «በሩን ቀስ አድርገሽ ዝጊው። ግምገማ ላይ ነን።»