ክቡር ዶክተር “ማስተባበል አይቻልም”

ቁርጥ ያለ መልስ መስጠት የማይችል ሰው የሌለበት ቤተሰብ በዓለም ላይ የለም። “ርቦሃል?” ሲሉት ሆዱን የሚያማክር፣ ዝናብ እያበሰበሰው “ሊዘንብ ይመስላል” የሚል፣ “እንዴት አደርክ?” ለሚለው እንኳ መልሱን ቆም ብሎ የሚያስብ ሰው በየቤቱ አለ። ለአንዳንዱ አጎት ይሆንበታል፤ ለሌላው የቢሮ ባልደረባ። ዕድል ለጠመመችበት ደግሞ የትዳር ጓደኛ ሆኖ ይመጣል። የታሪካችን ባለቤት የሆነችው የጥርስ ሐኪም ዕጣ ይህ የመጨረሻው ነበር፤ በዚያ ላይ የደረሳት ተራው ዓይነት ሳይሆን የነገዱ አለቃ ነው።

ክቡር ባለቤቷ የኒውትሪኖ ተመራማሪ ናቸው። “ናቸው” የምንለው እኛ ለማዕረጋቸው ተጨንቀን ነው፤ እሷስ “አንተ” ነው የምትላቸው። “እርስዎ” ብላ የጠራቻቸው ዕለት ግን ቤቱ ውስጥ ነገር አለ ማለት ነውና ዘመድ ቢመጣም ብዙ አይቆይም።

ኒውትሪኖ ማለት ከቅንጣቶች ሁሉ ዝምተኛው ነው። ከፀሐይ ይወጣል፣ ከኑክሌር ማመንጫ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ግድግዳ አይል፣ ተራራ አይል፣ የሰው ሆድ አይል፣ ሰላም ሳይል አልፎ ይሄዳል። ይህን አላፊ መንገደኛ አስቁሞ ለማነጋገር የሚሞክር ሰው ምን ዓይነት ጠባይ ሊያወጣ እንደሚችል ሐኪሟ ከመጋባቷ በፊት ልታስብበት ይገባ ነበር። በሠርጋቸው ዕለት “ትወዳታለህ ወይ?” ተብለው ሲጠየቁ ክቡርነታቸው ጉሮሯቸውን ጠርገው “ባለን መረጃ መሠረት፣ አዎ” ብለዋል። ሚዜዎቹ ሳቁ። አማታቸው ግን እስከ ዛሬ አልሳቁም።

አማታቸው አንድ ጊዜ በጠና ታመው አልጋ ይዘው ሳለ አማቻቸውን ጠርተው፣ “ልጄ፣ አንተ የተማርክ ነህ፤ እውነቱን ንገረኝ። እድናለሁ?” አሏቸው።

ዶክተሩ እጃቸውን ይዘው በፍቅር ተመለከቷቸውና፣ “እማማ፣ ማስተባበል አይቻልም” አሉ።

ሴትዮዋ በንዴት ተነሥተው ዳኑ። ከዚያ ወዲህ የልጃቸው ባል ሥራ በተነሣ ቁጥር “ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ” የምትለዋን ተረት ሳይተርቱ አያልፉም።

ላሚቱ እንግዲህ ይህች ናት። የታወቁት የኒውትሪኖ ዓይነቶች ሦስት ናቸው። በሙያው ሰፈር ግን አንድ አራተኛ አለ የሚል ሐሜት ሲናፈስ ኖሯል፤ ሦስት ልጆች እንዳሉት ስለሚታወቅ የተከበረ አባወራ “ሌላም ቦታ አንድ አለው አሉ” እየተባለ እንደሚንሾካሾከው ማለት ነው። አራተኛውን በዓይኑ ያየ የለም። ነገር ግን ካለ፣ ከሦስቱ አንዳንዶቹ በመንገድ ላይ ወደ እሱ እየተለወጡ ይሰወራሉና፣ ቆጠራው ላይ ጉድለት ይታያል። ዶክተሩና ጓዶቻቸውም ከአንድ ማመንጫ አጠገብ፣ ምድር ቤት ውስጥ፣ ኒውትሪኖ ሲነካው ብልጭ የሚል ፈሳሽ የሞላ ታንከር አስቀምጠው ብልጭታውን ሲቆጥሩ ፀጉራቸው ሸበተ።

በዚህ ሙያ አንድ ጥብቅ ልማድ አለ። ሰው የተመኘውን ማየቱ አይቀርምና፣ ተመራማሪዎቹ ውጤቱን ከገዛ ራሳቸው ይደብቃሉ። የቆጠራውን ዋና ክፍል ኮምፒውተር ውስጥ ይቆልፉበታል፤ እንዴት አድርገው እንደሚመዝኑት ሳያዩት በፊት ይስማማሉ፤ ከዚያ ሁሉም “ይከፈት” ብሎ እጁን ሲያወጣ ብቻ ይከፍቱታል። አንድ እጅ ከቀረ አይከፈትም። የተቆለፈውን “ሳጥኑ” ይሉታል።

ጥሩ ልማድ ነው፤ በሥራ ቦታ። ክቡርነታቸው ግን ወደ ቤት ይዘውት መጡ። አንድ እሑድ አማታቸውም ሚስታቸውም ሾርባ ሠርተው ቀረበ። ዶክተሩ አድልዎ እንዳይኖር ብለው ዓይናቸውን በፎጣ አሰሩና ሁለቱንም ቀመሱ። “ከሁለቱ አንዱ ጨው በዝቶበታል፤ የማን እንደሆነ አትንገሩኝ” አሉ። ማንም አልነገራቸውም። ፎጣውን ሲያነሡ ግን የአማታቸው ፊት ሁሉን ነገር ተናገረ።

የልጃቸው የፈተና ውጤት በመጣ ዕለትማ የባሰ ነበር። ልጅቷ ስልኳን ይዛ እየዘለለች ስትገባ ክቡር አባቷ ሁለቱንም ጆሯቸውን ይዘው ወደ ጓዳ ሸሹ።

“አባዬ፣ እኮ አልፌያለሁ!”

“አትንገሪኝ! መጀመሪያ ስንት ብታመጪ እንደምንደሰት ቁጭ ብለን እንስማማ።”

ሲስማሙ እራት ቀዘቀዘ። ልጅቷ ያመጣችው ከተስማሙበት በላይ ሆኖ ተገኘና አባት መደሰቱን እንዴት እንደሚመድቡት ግራ ገብቷቸው አመሹ።

እንዲህ እንዲህ እየተባለ ኖሮ፣ ታንከሩ ቆጠራውን ጨረሰ። አሁን የቀረው ሳጥኑን መክፈት ነው። ስብሰባ ተጠራ፤ ሁሉም እጁን አወጣ፤ ክቡር ዶክተር አላወጡም። የምድር ቤቱ ሙቀት አጠራጠራቸው። ሙቀቱ ተፈትሾ ደህና ሲባል በቀጣዩ ስብሰባ ከሰማይ የሚወርደው ጨረር አጠራጠራቸው። እሱም ሲጣራ የታንከሩ ፓምፕ ንዝረት ተረኛ ሆነ። “ያልጠረጠረ ተመነጠረ” ይሉና እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ይከታሉ። ወራት አለፉ። በዚህ ውጤት የሚመረቁት ወጣት ተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፋቸውን ታቅፈው ቀሩ።

በመጨረሻ የቡድኑ መሪ፣ የዶክተሩ የተማሪነት ጓደኛ፣ ለሐኪሟ ክሊኒክ ድረስ ደወለችላት። “እባክሽ እህቴ፣ ባልሽን አንድ በይልን። ስሌቱ ንጹሕ ነው። እሱም ንጹሕ መሆኑን ያውቃል።”

የዚያን ዕለት ባልና ሚስት ዕቃ ሲያጥቡ፣ እሷ ሳህን እያቀበለች፣ እሳቸው እያደረቁ፣ ሐኪሟ ነገሩን ጀመረችው።

“ፓምፑ እንዴት ነው?”

“ንዝረቱ ውጤቱን አልነካውም ብሎ ማስተባበል…”

“እርስዎ ፈርተዋል።”

ክቡርነታቸው የያዙትን ሳህን ከሚገባው በላይ አደረቁት። ከዚያ፣ “አራተኛው ባይኖርስ?” አሉ። “ሳጥኑ እስካልተከፈተ ድረስ ሊኖር ይችላል። ከተከፈተና ከሌለ ግን፣ ዕድሜዬን ሙሉ የፈለግኩት ምን ነበር ልል ነው?”

ሐኪሟ ይህ ሰው የሰው ልብ የሚያደርቀው ነገር ስለማይገባው መስሏት ነበር የኖረችው፤ ለካ ስለሚገባው ፈርቶ ነው። እጇን በቀሚሷ አበሰችና፣ “የኔ ጌታ” አለቻቸው፣ “እኔ ዘንድ ቀጠሮ የሚያራዝም ሰው ሁሉ ጥርሱ እስካልታየ ጤነኛ የሚሆንለት ይመስለዋል። ሳይታይ የዳነ ጥርስ ግን አላጋጠመኝም። እጅህን አውጣ። እኔም እመጣለሁ።”

ስለዚህ ታካሚዎቿን ለሌላ ቀን ቀጥራ፣ በራሷ መኪና ይዛቸው ሄደች። የስብሰባው ክፍል ጠባብ ነበር፤ ወንበር ያጣው መስኮቱ ላይ ተቀምጧል፤ የአየር ማቀዝቀዣው ያንጠባጥባል። መሪዋ “ይከፈት የምትሉ” አለች። እጆች ወጡ። ሁሉም ወደ ክቡር ዶክተር ዞረ። እጃቸው እንደ ከባድ ዕቃ ቀስ እያለ ተነሣ፤ ከጆሯቸው አለፈ፤ እዚያው ቆየ። አንዲት ወጣት ቁልፉን ተጫነች።

ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር ነበር፤ ምንም ካልጎደለ ቆጠራው የሚያርፍበት። ነጥቦቹ አንድ በአንድ እየወጡ መስመሩ ላይ ተቀመጡ። ሐኪሟ ስለ ፊዚክስ የምታውቀው ከራት ገበታ ያለፈ አይደለም፤ የጥርስ ረድፍና ክፍተት ግን የዕለት እንጀራዋ ነው። ከዳር እስከ ዳር አየችው። አንድም የጎደለ የለም። ካልጎደለ ደግሞ፣ አራተኛው የለም። ማንም ቃል ሳይተነፍስ ገብቷት ወደ ባሏ ለመዞር ፈራች።

“የለም” አሉ ክቡር ዶክተር።

በኖሩበት ዘመን ሁሉ ከአፋቸው ቁርጥ ያለ ቃል ሲወጣ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ ደገሙት፤ “የለም።” ሦስተኛው ላይ እየሳቁ ነበር። “እዩት እስቲ፣ እንዴት ያለ የለም ነው! ፓምፑ እንኳ ትንፍሽ አላለም!” መሪዋን አቅፈው አነሧት፤ ወጣቶቹን እየዞሩ ግንባራቸውን ሳሙ፤ የሚያንጠባጥበው ማቀዝቀዣ ሥር ቆመው ያጨበጭባሉ። ሸሚዛቸው ከሱሪያቸው ወጥቷል። ወደ ሚስታቸው ሮጠው መጥተው፣ “ገባሽ ወይ? ጠዋት ስንነሣ በዓለም ላይ ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው አልነበረም። አሁን ይህች ክፍል ታውቃለች። አንቺም ታውቂያለሽ” አሏት። ክፍሉ በሙሉ ሠርግ ቤት ሆነ። የተመራቂዎቹ አንዷ ጠረጴዛ ላይ ወጥታ እስክስታ ቢጤ ሞከረች።

መኪና ውስጥ ሲገቡ ክቡርነታቸው ገና አላበቁም። ዜማ በሌለው ድምፅ ያንጎራጉራሉ፤ በእጃቸው ዳሽቦርዱን ይመታሉ። ሐኪሟ ግን መሪውን ይዛ ቁልፉን ሳታዞር ቀረች።

“ምነው? አመመሽ እንዴ?”

“በደንብ ፈልጋችኋል?” አለች።

“በደንብ።”

“ሁሉንም ጥግ?”

“ያቀድነውን ጥግ ሁሉ።”

ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ለራሷም ገረማት። በየበዓሉ የባሏን ወንበር ባዶ ያደረገባትን፣ በየእረፍቱ ሻንጣዋን መልሳ እንድትፈታ ያስገደዳትን ያን አራተኛ ስትረግመው ነበር የኖረችው። ለካ እሷም እንደ ሰውዬው ሁሉ ስትጠብቀው ኖራለች፤ መጥቶ እንደማያውቅ፣ ግን ሳህኑ ሁሌ እንደሚቀመጥለት ዘመድ ወድዳዋለች። እንዲህ ያለ ነገር የሚያስለምድ ሰው በማግባቷም በዚያች ሰዓት ደስ አላት።

“በጣም ትንሽ ቢሆንስ?” አለች። “ይህ ታንከር የማያየው፣ ዓይን አፋር ቢሆን?”

ዶክተሩ ማንጎራጎራቸውን አቆሙ። “እሱንማ ለማየት ይህን የሚያህሉ ታንከሮች መደርደር ያስፈልጋል። ቦታውም ሌላ፣ ጥልቀቱም ሌላ። እኔና አንቺ እንጃጅበታለን።” ትንሽ አሰቡና ጨመሩበት። “ያኔም ተፈልጎ ላይኖር ይችላል እኮ።”

ሐኪሟ እንባዋን በክንዷ ጠረገችና፣ ያለ አንዳች ማስረጃ፣ “ይኖራል” ብላ ሞተሩን አስነሣች።