ለእንግዳ የተቀመጠ ጓንት

ሶፋውን ከነላስቲኩ ለእንግዳ አኑሮ ራሱ ዱካ ላይ የሚቀመጥ ሰው፣ አንባቢ ሆይ፣ መቼም ሳይገጥምዎት አልቀረም። ደብረ ታቦር ውስጥ የማውቃቸው አቶ ይበልጣል የዚህ ወገን አለቃ ናቸው። መስታወት በሚበላ የአሲድ ቅባት የሙሽሮችን ስም ብርጭቆ ላይ እየጻፉ ይሸጣሉ።

ጡረታ ለወጣች ባልደረባዬ ስጦታ ላሠራ ሄድኩ። ገና ከመቀመጤ ወፍራም ጓንት ከነላስቲኩ አመጡልኝ።

«አደራዎን ይልበሱ መምህርት፤ ይህ ነገር እሳት ነው።»

«እርስዎስ?»

«እኔማ የቤት ሰው ነኝ!»

አሲዱ ቤተኛውን ከእንግዳ ይለያል ማለት ነው? ኬሚስትሪ ሳስተምር ይህን ያህል ጨዋ አሲድ አላጋጠመኝም። ቅባቱ ወዲያው እንደማያቃጥል፣ ሥጋ ውስጥ ሰርጎ ከሰዓታት በኋላ አጥንት ድረስ እንደሚበላ ነገርኳቸው። ጓንቱንም አውልቄ ዘረጋሁላቸው።

«እንግዳ ተቀምጦ እኔ ላጥልቅ? ኧረ ሰው ምን ይለኛል!» ብለው እጃቸውን ከኋላቸው ደበቁ።

ከይሉኝታ ጋር መከራከር ስለሚያደክመኝ ጓንቱን መልሼ አጠለቅሁ። እሳቸውም ቅባቱን በባዶ ጣታቸው እየጠረጉ፣ «ይኸው፣ መች አቃጠለኝ?» እያሉ ጨረሱ።

በማግስቱ ብርጭቆዬን ልወስድ ብመጣ ሱቁ ዝግ ነው፤ ጎረቤት ወደ ሆስፒታል ጠቆመኝ። ሐኪሞቹ ሌባ ጣታቸውን ሊቆርጡ እየተዘጋጁ ነበር። አቶ ይበልጣል ሲያዩኝ ከትራሳቸው ቀና አሉ።

«መምህርት፣ እርስዎን አልነካዎትም?»

«አልነካኝም» አልኳቸው፤ «ጓንትዎ በጣም ጥሩ ነው።»

ፊታቸው በኩራት በራ።