ቁልፌን ሊይዝልኝ የፈለገው ሰው

እስቲ ንገሩኝ፣ «እኔ ልያዝልሽ» የሚል ዘመድ የሌለው ማን አለ? የእኔው የባሌ ወንድም ሰይድ ነው። ባሌ እንደሞተ ሐይቁ ዳር ካለው የሽንኩርት መሬቴ ግማሹን ላከራየው ፈረምኩ፤ ፊርማዬን ካኖርኩ በኋላ ውሉ ላይ «ግማሹ» የሚለው «ሙሉው» ሆኖ አረፈው። ፊርማው የእኔ ነውና ማን ይመነኝ?

ያ ውል ዘንድሮ አለቀ። ደግነቱ የገበሬ ማኅበራችን ውል በስልክ ማፈራረም ጀምሯል። ፕሮግራሙን የሠራችው ዘሃራ ሰብስባ አስረዳችን፤ ስልኩ ሁለት ቁልፍ ባንዴ ይወልዳል። ምስጢራዊው ቁልፍ ይፈርማል፣ ከባለቤቱ እጅም አይወጣም። ይፋው ግን ፊርማውን እንዲያረጋግጡበት ለሁሉም ይታደላል። ውሉም እንደ እህል ተፈጭቶ አጭር ምልክት ይወጣዋል፤ አንዲት ቃል ከተነካች ምልክቱ ይለወጣል፣ ፊርማውም ይወድቃል።

ሰይድ ስብሰባ ይንቃልና አልነበረም። በማግስቱ ግን ቤቴ መጣ።

«አብሽሪ እቴ፣ ስልክ ይጠፋል። ቁልፉን እኔ ልያዝልሽ።»

ላክሁለት። ይፋውን።

በሚቀጥለው ስብሰባ መሬቴን በሙሉ ለእሱ የሚሰጥ፣ በስሜ የተፈረመ ውል ይዞ ቀረበ። ዘሃራ በይፋው ቁልፌ ፈተሸችና «የእሳቸው ፊርማ አይደለም» አለች።

«ወላሂ ነው! ቁልፏ እኮ እኔ ጋ ነው!» ብሎ ጮኸ፤ በገዛ አፉ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት።

ጎረቤቴ ፋጡማ ስልኳን ከፍ አደረገች። «ጋሼ ሰይድ፣ እሱማ እኛም ጋ አለ!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔ አልሳቅሁም፤ መሬቴን የማርስበትን ቀን እያሰብኩ ነበር።

«አብሽር ሰይድ» አልኩት ስወጣ፣ «ቢጠፋብህም ከማንም ጎረቤት ታገኘዋለህ።»